ለፓርኩ ንጉሥ የማልኩት መሐላ

ባለቤቴን ለማምጣት ሲትዝን መሆን ነበረብኝ። በግሪን ካርድም ማምጣት ይቻላል ይላሉ፤ ወረፋው ግን የኛን ዕድሜ አይጠብቅም። እናቷን ጥላ አልመጣም ብላ አዲስ አበባ ቀርታ ነበር። እናቷ ሲያርፉ ብቻዋን ሆነች፣ ጉልበቷም ከዳት። እኔ እዚህ ከመጣሁ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ ፎርሙን አስገባሁ። ያስገባሁት ፎርም ውስጥ ግን ውሸት ነበረበት፤ ውሸቱም ስለ ንጉሥ ነው። ይኼን የምጽፈው እንዲሳቅበት አይደለም። የሳቁ አሉ፣ ይሳቁ። እኔ በዚያ ሰሞን እህል አልወርድ ብሎኝ ቀበቶዬ ላይ ሁለት ጊዜ አዲስ ቀዳዳ በስቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ቢሮ ሥር፣ የሰው መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። ከደንበኞቼ አንዱ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ፈረንጅ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም፣ ሰላም ሳይለኝ የማያልፍ ሰው። አንድ ቀን ቁልፉን ሰጥቶኝ ሲሄድ የመኪናው የኋላ ዕቃ መያዣ፣ ትራንኩ፣ በደንብ አልተዘጋም ኖሯል። ልዘጋው ስል የብረት ራስ ቁር አየሁ። ከሥሩ የብረት ጓንት፣ ትልቅ ጋሻ፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ሽመል የመሰለ ዱላ።

ይኼ ሰው ወይ አብዷል ወይ አንድ ነገር አስቧል አልኩ። ዘግቼ ዝም ብል ይሻል ነበር። ግን የጋሻው ማንገቻ ተበጥሶ በሽቦ ታስሯል። ቆዳ በሽቦ። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር፣ እኔም አዲስ አበባ ሳለሁ እንጀራ የበላሁት በወስፌ ነው። ቆዳ በሽቦ ታስሮ ሳይ ጥርሴን ያመኛል። ሰውዬው ሊወጣ ሲል ማንገቻውን አሳየሁትና "ዲስ ኖ ጉድ" አልኩት። ትንሽ ያፈረ መሰለ። "አምጣው" አልኩ። አመጣው። ቤት ወስጄ በድርብ ክር ሰፍቼ መለስኩለት። በሁለት እጁ ይዞ ሳበው፣ ተንጠለጠለበት ማለት ይቀላል፤ አልተበጠሰም። ያን ጊዜ እሑድ ከኔ ጋር ካልመጣህ ብሎ ያዘኝ። ሌሎችም የተበጠሰባቸው አሉ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ እንደያዝኩ፣ በመኪናው ወሰደኝ። ፓርኩ ከኮረብታው ወዲያ ማዶ፣ ፀሐዩ የሚጠብስበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። በድንኳኖቹ መሐል ሰዎች ብረት ለብሰው በዱላ ይቀጣቀጣሉ። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ጎራዴ ታጥቀዋል። አንዱ ጡሩንባ ይነፋል። እግሬ ከመኪናው አልወጣ አለኝ።

"ፖሊስ ያውቃል?" አልኩት።

"ፖሊስማ አለን" አለና ቆብ ላይ ላባ የሰካ አንድ ወፍራም ሰውዬ አሳየኝ። እውነቱን ነው። ሰውዬው ከሰኞ እስከ ዓርብ ፖሊስ ነበር።

ነገራቸው እንዲህ ነው። ከስድስትና ሰባት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን የፈረንጅ አገር ኑሮ በየእሑዱ መልሰው ይኖሩታል። አንዱ ዳቦ ይጋግራል፣ አንዷ ሱፍ ትፈትላለች፣ አንዱ ብረት ይቀጠቅጣል። ለከተማው ሁሉ ሌላ ስም አውጥተው ተከፋፍለውታል፤ ሎንግ ቢች የአንዱ ግዛት ነው፣ ግሌንዴል የሌላው። ቧንቧ የሚሠራው ሰውዬ ባሮን የሚሉት ሹም ነው። ለራሳቸውም የድሮ ስም አላቸው። አንተም ምረጥ አሉኝ።

"ስም አለኝ" አልኩ።

"የድሮ ስም ነው የሚያስፈልገው።"

"የኔም የድሮ ነው። የአያቴ አባት ነበር የሚጠራበት።"

ተነጋገሩና ተስማሙ። ዛፍ ሥር በርጩማ ሰጡኝ፣ ወስፌዬን አወጣሁ። ያን ቀን እስኪመሽ አሥራ አንድ ማንገቻ ሰፋሁ። ከዚያ ወዲያ በሁለት እሑድ አንዴ እሄድ ነበር። ሰው እጄን ከፈለገው ብዙ ዘመኑ ነበር። ፓርኪንግ ውስጥ የሚፈለገው እግሬ ነው።

አንድ ልማዳቸውን ግን ከሁሉ አስበልጬ ወደድኩት። ሲጋጠሙ ዳኛ ይቆማል፣ ዳኛው ግን አይፈርድም። ተመታሁ የሚለው የተመታው ራሱ ነው። እጁን ከተመታ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። እግሩን ከተመታ ይንበረከካል። ራሱን ከተመታ ይወድቃል፣ ማንም ባያይም። ብረት ውስጥ ያለ ሰው ምን ያህል እንዳገኘው ሌላ ሰው በምን ያውቃል? ስለዚህ እሱ ይናገር ነው ነገሩ። አንድ ቀን የኔ ሰውዬ አሸነፈ ተብሎ ሲጨበጨብለት እጁን አነሳ። ቅድም መትቶኛል፣ አሁን ነው የታወቀኝ ብሎ ቁሩን አውልቆ ወጣ። እኔ ሰባት ወንድም ካለው ቤት ነው የወጣሁት፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

የኛ ሰው በሚሰበሰብበት መንገድ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ይኼን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ታክሲ የሚነዳ የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ ሳይጠይቅ የማይተኛ ሰው።

"እሑድ እሑድ የት ነው የምትጠፋው? ሴት ያዝክ እንዴ?"

"ቆዳ እሰፋለሁ።"

"ለማን?"

"ለወታደሮች።"

"የምን ወታደር?"

"የውሸት።"

ቡናውን አስቀመጠ። "አንተ ሽማግሌ፣ እውነተኛው ወታደር ያሳየህ አልበቃህም? ገንዘብ ከፍለህ ነው የምትሄድ ወይስ በነፃ ነው የሚያሳብዱህ?"

በሦስተኛው ዓመት የኔ ሰውዬ ነገሠ። የሚነግሡት በዱላ ነው፤ ሁሉን አሸንፎ የቀረ ዘውዱን ይደፋል። በነገሠ በወሩ ዛፌ ሥር ተቀምጬ ስሰፋ አዋጅ ነጋሪያቸው ስሜን ጠራ። ሰባብሮ ነው የጠራው፣ ግን የኔ ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ወስፌውን ኪሴ ከተትኩ። እየመሩ ወሰዱኝና ንጉሡ ፊት ትራስ ላይ አንበረከኩኝ። እጄን አጋጥሞ በሁለት እጁ መሐል ያዘ። አንዲት ሴት ከወረቀት ታነባለች፣ ተከትለህ በል ይሉኛል። እንግሊዝኛው የድሮ ስለሆነ ግማሹ አልገባኝም። "አይ ስዌር" የሚለው ግን ገብቶኛል። አልኩ። ሰው ጮኸ፣ ጨበጨበ። ስሜ ትልቅ መዝገብ ላይ ተጻፈ። ከዛሬ ጀምሮ "ሎርድ" ነህ አሉኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ቧንቧ ሠሪውን ባሮን ብጠይቀው፣ እንደ ባላባት፣ እንደ መኳንንት ያለ ነገር ነው አለኝ።

ያን ቀን ደስ አላለኝም አልልም፤ ለታክሲ ነጂው ጓደኛዬም ነግሬው ሲስቅብኝ አመሸ። እውነቱን ለመናገር ግን መኪና ውስጥ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ በሐሰት ከማለ ሰው ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም ነበር። እነሱ ጨዋታ ነው ይላሉ። መሐላ ውስጥ ጨዋታ የቱ ጋ እንደሚገባ አላወቅሁም።

ከዚያ በሁለተኛው ወር ነው የሲትዝንነቱን ፎርም ያስሞላሁት። የሞላችልኝ ፌርፋክስ ላይ፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለች ክፍል፣ ወረቀት የምትሠራ ሴት ናት። ጠበቃ አይደለችም፣ ግን የሰፈሩ ወረቀት በሙሉ በእጇ ያልፋል። ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ ጠየቀችኝ። ከዚያ አራት አምስት ገጽ በአንድ ትንፋሽ ገለበጠች።

"ጋሼ፣ የቀረው በሙሉ ኖ ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

"ምንድን ነው ኖ የሚለው?"

"ሰው ገድለዋል ወይ፣ ሰክረዋል ወይ፣ እንዲህ ያለ ነው። እርስዎን አይመለከትም።"

ፈረምኩ። መፈረም የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሜን ስጽፍ እጄ ጊዜ ይፈጃል። ስለሱ ስጨነቅ ሌላውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

የኢንተርቪው ደብዳቤ መጣ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ እሱ ሲፈተን ያጠናበትን ወረቀት አመጣልኝ፤ ጥያቄዎቹን ሰው ወደ አማርኛ መልሷቸዋል። ታክሲው ውስጥ ተቀምጠን አነበበልኝ።

"የማንኛውም ማኅበር አባል ሆነው ያውቃሉ?"

ቀጥል አልኩት።

"የመኳንንት ማዕረግ ተሰጥቶዎት ያውቃል? ሃሃ፣ ይኼ ያንተ አይደል እንዴ? በጦር መሣሪያ የሚጠቀም ቡድን ውስጥ አገልግለው…" ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። ዝቅ ብሎ ብቻውን አነበበና ወረቀቱን አጠፈው።

"ጨርሰው" አልኩት።

"መሐላው ነው የቀረው። ስታልፍ የምትምለው። ለሌላ ንጉሥም ሆነ ልዑል ያለኝን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ ይላል።" ወደ እኔ ዞረ። "ለዚያ ሰውዬ ምን ብለህ ነው የማልክለት?"

"እንግሊዝኛው የድሮ ነው።"

"ፎርሙ ላይ ምን አልክ?"

"ኖ ተብሏል። ፈርሜበታለሁ።"

እሱ የፈራውን እኔም ፈራሁ፣ መናገር አላስፈለገንም። በደርግ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ የቆዳ ሠሪዎች ዕድር ነበረን። ለቀብር ድንኳን፣ ለአልቃሽ ንፍሮ። የአባላቱ ስም በደብተር ተጽፎ የሚያዘው የባለቤቴ ወንድም ዘንድ ነበር፤ ጽሕፈቱ ያምር ነበር። ቤት ሲፈተሽ ደብተሩ ተገኘ። ይኼ ምን ማኅበር ነው አሉት። የቀብር ነው አለ። ማንን ልትቀብሩ ነው አሉት። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ደብተሩ ላይ የኔ ስም ሰባተኛ ነበር፤ ቆዳ ልገዛ ገጠር ወጥቼ ተረፍኩ። ባለቤቴ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስሟ የትም እንዲጻፍ አትወድም። የጸበል ማኅበር እንኳ ስትገባ በክርስትና ስሜ ብቻ ጥሩኝ፣ ወረቀት ላይ አታስፍሩኝ ብላለች።

እዚህ አገር እንዲያ አይደለም ይላሉ። አውቃለሁ። ፍርሃት ግን አገር አይጠይቅም። አልጋዬ ላይ ሆኜ የማስበው ሁለት ነገር ነው። ኖ ካልኩና መዝገቡ ከተገኘ፣ ለመንግሥት ዋሽቷል ብለው ግሪን ካርዴን ይነጥቁኛል፣ እሷም እዚያው ትቀራለች። የስ ካልኩ ደግሞ ንጉሥ፣ ጎራዴ፣ መሐላ፣ ይኼን ሁሉ ሰምቶ ማን ወረቀት ይሰጠኛል? እሷም እዚያው ትቀራለች።

ሰኞ ጠዋት ሰውዬው መኪናውን ሊያቆም መጣ። ፓርኩ ላይ ዘውድ ይደፋል፤ እዚህ ክራባት ያሰረ ኢንሹራንስ ሻጭ ነው።

"መሐላዬን መልስልኝ" አልኩት። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ለመንግሥት ልምል ነው፣ ሁለት መሐላ አንድ አፍ ውስጥ አላኖርም አልኩት፣ በምችለው እንግሊዝኛ።

ሳቀ። ጌም ነው፣ ወዳጄ፣ አለኝ። ቀጥሎ እጄን አየ። የዘረጋልኝን የመኪና ቁልፍ አልተቀበልኩትም ነበር። ሳቁን ተወ።

"የኔ ንግሥና ለስድስት ወር ነው። ሲያልቅ ያንተም መሐላ ያልቃል" አለኝ።

ይኼን አላውቅም ነበር። በኛ ንጉሥ የሚወርደው ወይ በሞት ወይ በጠመንጃ ነው። በስድስት ወሩ ወርዶ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ንጉሥ ይባስ አስፈራኝ፤ ይኼን ለኦፊሰር እንዴት አድርጌ አስረዳለሁ? "እስከዚያ አልጠብቅም" አልኩት። እሑድ እንፈታሃለን አለ። ለመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ፣ ይኼ መዝናኛ መሆኑን አስረዳለሁ አለ። ደብዳቤውን እምቢ አልኩ። ወረቀት ወረቀትን ይጠራል።

እሑድ ፓርኩ ላይ መጀመሪያ የሄድኩት መዝገብ ወደምትይዘው ሴት ነው። ስሜን ፋቂልኝ አልኳት። ደነገጠች። መዝገብ አይፋቅም፣ የሆነው ሆኗል፣ ከሥሩ "ተሰናብቷል" ብዬ ልጽፍ እችላለሁ አለችኝ። ታዲያ ሁለት ጊዜ ልጻፍ ነው? ተይው አልኳት።

ከዚያ ሰው ሁሉ ባለበት ንጉሡ አስጠራኝ። እንደ ከዳተኛ ያዩኛል ብዬ መሬት መሬቱን እያየሁ ሄድኩ። ትራሱን ሲያመጡ ንጉሡ በእጁ ከለከለ። ዘውዱን አወለቀና ለሌላ ሰው አስያዘ። ባዶ ራሱን፣ ቆሞ፣ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ለኔ እንዲገባኝ ነው መሰለኝ፣ "ከኔ ነፃ ነህ። ምንም የለብህም። በሰላም ሂድ" አለኝ። ሱፍ የምትፈትለዋ ሴት ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች።

"ማዕረጉስ?" አልኩት።

"እሱ በሥራህ ያገኘኸው ነው። የሰጠሁትን አልቀማም።"

ውሰደው ብዬ ለመንኩት። ደጉ ሰው ክብር የጨመረልኝ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። አንገቴ ላይ እባብ ጥሎብኝ ጌጥ ነው የሚለኝ መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጓደኛዬ በታክሲው ወሰደን። ወረቀት የምትሠራዋ ሴት ከኋላ ተቀምጣለች፤ የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። ዕድሜዬና የቆየሁበት ዘመን በአማርኛ እንድጠየቅ ይፈቅድልኛል። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። መስተዋቱ ውስጥ ፊቷ ሲነጣ አየሁ።

"ጋሼ፣ እባክዎ። ፎርሙ ላይ እኔም ፈርሜያለሁ። ሳትጠይቂ ሞላሽ ይሉኛል። በዚህ ነው ልጆቼን የማሳድገው።"

"ለዚህ ነበር መጠየቅ።"

"ማንም እኮ አያውቅም!"

"ኖ የምትባል ቃል አቃተችህ?" አለ ጓደኛዬ፣ መንገዱን እያየ። "አንዲት ፊደል ናት። ስለ ሚስትህ ስትል ዋጣት። ማኅበር ካልክማ የጽዋ ማኅበራችንም ማኅበር ነው፣ እሱንም ልትናገር ነው?"

"ከጠየቁኝ እናገራለሁ።"

"ያን ጊዜ እኔንም ጥራኝ፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ" አለና ከዚያ ወዲያ አፉን አልከፈተም።

እኔ ግን ቆራጥ ሆኜ የሄድኩ አይምሰላችሁ። ያቺ ሴት ልጆቼ ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም። አሳንሰር ውስጥ ኖ ልል ወስኜ ነበር።

ኦፊሰሯ መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ናት። ቀኝ እጅህን አንሳ አለች። እውነቱን ብቻ ልናገር ማልኩ። ይኼኛው መሐላ ሁሉም ቃሉ ገብቶኛል። ስም፣ አድራሻ፣ ጉዞ አለፈ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠች። ሴትዮዋ ድምጿ ቀጥኖ አስተረጎመችልኝ።

"የማንኛውም ማኅበር፣ የማንኛውም ድርጅት አባል ሆነው ያውቃሉ?"

ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "አዎ" አልኩ።

"ኖ" አለች ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ።

ኦፊሰሯ ቀና ሳትል ምልክት አደረገች። አለቀ። ለኔ ሌላ ሰው ዋሸልኝ፣ ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ሚስቴ ስትመጣ ታየችኝ፣ በዊልቸር፣ ኤርፖርት። ግን ደግሞ ያ ሰውዬ እየተጨበጨበለት እጁን ሲያነሳ ታየኝ። ያገኘኝን የማውቅ እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይናገራል?

"የስ" አልኩ። "ማይ አንሰር፣ የስ።"

ኦፊሰሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ሴትዮዋን አየች። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨምቃ ይዛዋለች።

"ስለኔ ፈርታ ነው በያት" አልኳት ሴትዮዋን። "እንዳለ ተርጉሚው። አንዲት ቃል አታስቀሪ።"

ተረጎመችው። ኦፊሰሯ አንድ ነገር ተናገረቻት፣ ቀስ ብላ፣ ፊቷ ግን ተቆጥቷል። ሴትዮዋ "የስ፣ ሜም" አለች። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩትን ሁሉ እንደወረደ ነው የመለሰችው። ማንገቻውን፣ ፓርኩን፣ ትራሱን፣ መሐላውን፣ መፈታቴን። የጽዋ ማኅበሩንም።

"ንጉሡ ማን ነው?"

"ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ነው።"

"አንተ የያዝከው መሣሪያ ምን ነበር?"

"ወስፌ።"

ሴትዮዋ ለወስፌ እንግሊዝኛ አጣች። አየር ላይ ቆዳ ስፌት አሳየሁ፤ መብሳት፣ ማስገባት፣ መሳብ። ኦፊሰሯ የምወጋ መስሏት ይሁን፣ ወንበሯን ሸሸት አደረገች። ከዚያ ፋይሌን ይዛ ወጣች።

እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሴትዮዋ ግድግዳውን ታያለች። በኮሪደሩ ጫማ በመጣ ቁጥር ልነሳ እላለሁ፣ ጫማው ያልፋል። እንዲህ ነው የሚያልቀው አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በገዛ አፌ። ያ የሚስቴ ወንድም እንኳ ተጠይቆ ነው የተናገረ።

ስትመለስ አንድ ሽማግሌ ኦፊሰር ይዛ መጣች። አልተቀመጠም። ፋይሌን አየ፣ እኔን አየ።

"የዚህ ንጉሥ ግዛት የት ነው?"

"ከሎንግ ቢች እስከ ግሌንዴል። ከዚያም ያልፋል ይላሉ።"

"ውጭ አገር ግዛት አለው?"

"የለውም።"

ጉንጩ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየሁም። ለሴትዮዋ ነገራት፣ እሷ ለኔ። ዱላና ወስፌ ጦር መሣሪያ አይባልም፣ የማዕረጉም ጥያቄ የሚለው በውጭ አገር የተሰጠ ማዕረግ ነው። ያ የጓደኛዬ ወረቀት "ውጭ አገር" የሚለውን ቃል ጥሎት ነበር። አንድ ቃል። ሁለት ሳምንት እህል ያላስበላኝ የጎደለ ቃል ነው።

"የማኅበሩ ግን የስ ነው" አለ ሽማግሌው። "በደንብ አድርገህ ነው የተናገርክ።" ለሴትዮዋም የሚባለውን ብቻ ተርጉሚ ብሎ ጣቱን ቀስሮባት ወጣ።

ኦፊሰሯ በቀይ እስክሪብቶ ኖ የሚለውን ሰረዘች፣ የስ ላይ ምልክት አደረገች፣ ከጎኑ የማኅበሮቹን ስም ጻፈች። እያንዳንዱ እርማት አጠገብ ፈርም አለችኝ። ጊዜ ወሰደብኝ። አላጣደፈችኝም። ሲያልቅ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ሴትዮዋ አየችውና "አልፈዋል" አለችኝ፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኛት ሰላምታዋ በራስ ብቻ ነው። እውነት አላት፣ አልቀየማትም።

ታክሲው ውስጥ ሆኜ ለባለቤቴ ደወልኩ። አዲስ አበባ መሽቷል፣ ግን ስልኩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አለፍኩ" አልኳት።

"እሰይ። ምን ብለህ?"

"የሆነውን ነገርኳቸው። ማኅበሮቹንም ጻፉ።"

ሲያልፍ የሚያስል ሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ የጎረቤት ይሆናል።

"ስምህን አስጻፍክ?"

"እኔው ነኝ የጻፍኩት። አሁን ደግሞ ያንቺ ነው የሚጻፈው። የሚስት ፎርም አለ።"

"የኔ ስም።"

"አዎ። ያንቺ፣ የአባትሽ፣ የተወለድሽበት።"

የምደውልበት ካርድ የሚያልቅ መሰለኝ። ጓደኛዬ መሪውን ይዞ ወደ ውጭ ያያል፣ እንዳልሰማ።

"እንግዲህ ጻፈው" አለች በመጨረሻ። ድምጿ ትንሽ ነው። "ግን የኔ ስም በአባቴ ነው፣ ያንተም በአባትህ። እዚያ ባልና ሚስት በአንድ ስም ነው የሚጠሩት አሉ። አይገጥምም፣ ሚስቱ አይደለችም ቢሉስ?"

ይኼን አላሰብኩትም ነበር።

"እሱንም እንነግራቸዋለን" አልኳት።